ቦይና ሕይወት፤ የአፈር ቁፋሮ ታሪክና የሠራተኛው ደኅንነት ከጫኖ ሜዳ አንጻር

በግንባታ ሥራ ውስጥ የቦይን ያህል ተደክሞበት የቦይን ያህል የሚረሳ ሥራ የለም። ሕንፃ ሲያልቅ ይመረቃል፤ ድልድይ ሲጠናቀቅ ስም ይወጣለታል፤ ቦይ ግን ቧንቧው ከተዘረጋበት ወይም መሠረቱ ከተጣለበት በኋላ በራሱ አፈር ተመልሶ ይደፈናል። ቆፋሪውም ከሥራው ጋር አብሮ ይረሳል። ስሙ በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ቦይ ያልፋል።

ይህ መዘንጋት ግን ያለ ዋጋ የቀረ አይደለም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በተደጋጋሚ ካሰማቸው መርዶዎች መካከል፣ በመሠረት ወይም በቧንቧ ቁፋሮ ላይ እንዳሉ አፈር ተንዶባቸው ያለፉ የቀን ሠራተኞች ይገኙባቸዋል። ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኝ ቀበሌ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ ከቤተ ዘመድ ልቅሶ አልፎ የሚሰማበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለሆነም የቁፋሮን ታሪክ መመርመር ያለፈውን ለማወቅ ብቻ የሚደረግ አይደለም። አባቶች ያውቁት የነበረው፣ ሳይንስም ያረጋገጠው፣ ሕግም የደነገገው ነገር በአንዲት ጠባብ ቦይ ውስጥ ለምን እንደማይደርስ ለመረዳት ነው።

ለዚህ ምርመራ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጫኖ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ የሚባሉት መንደሮች በሙዝና በማንጎ ልማት የታወቁ ናቸው። ኑሯቸውም በአብዛኛው በቦይ ላይ የተመሠረተ ነው። ውኃ ወደ ማሳ የሚደርሰው በቦይ ነው፤ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ የሚዘረጋው በቦይ ነው፤ አዲስ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት የሚቆመው በቦይ በተጣለ መሠረት ላይ ነው። የውኃ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥነው የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1996 ዓ.ም.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ ጎረቤቱ ይህ ሜዳ ነበር።

የጫኖ አፈር ጠባይ

የጫኖን መሬት ያበጀው ከላይ ያለው ደጋ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጨንቻ ደጋ የሚነሣው የሐሬ ወንዝ፣ በአጭር ርቀት ቁልቁል ተምዘግዝጎ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሜዳ ይወርድና ወደ ዓባያ ሐይቅ ይገባል። ወንዙ ከተራራው ሲወርድ ጉልበታም ነው፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ይደክማልና የተሸከመውን ያራግፋል። በአንዱ ጎርፍ ጠጠር፣ በሌላው አሸዋ፣ በሦስተኛው ደቃቅ ደለል፣ ውኃ ተኝቶ በከረመበት ቦታ ደግሞ ሸክላ አፈር አኑሮ ይሄዳል። ይህ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም መሬቱ እንደ እንጀራ መሶብ ተደራርቦ የተሠራ ይሆናል።

ለገበሬው ይህ በረከት ነው። ለቆፋሪው ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ሸክላማ አፈር ዶማ የሚመልስ ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሜትር ዝቅ ሲባል ልቅ አሸዋ ሊገኝ ይችላል። ልቁ አሸዋ ከሥር ሲፈስ ጠንካራው ሽፋን መሠረቱን አጥቶ እንደ ጣራ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ክብደቱ ያሸነፈው ዕለትም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ ወደ ሐይቁ በቀረቡ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃ ሩቅ አይደለምና የቦዩ ወለል ሲረጥብ የግድግዳው እግር ይላላል።

የመስኖ አገር መሆኑም የራሱ የሆነ አደጋ አለው። በሌላው የአገራችን ክፍል ፎርማኑ ሰማዩን አይቶ ይጠነቀቃል። በጫኖ ግን ሰማዩ ጠርቶ እያለ አፈሩ ሊርስ ይችላል። የጎረቤት ማሳ የውኃ ተራው ሌሊት ከሆነ፣ ማታ ደረቅ ሆኖ የታየው የቦይ ግድግዳ ጠዋት ከጀርባው ውኃ ጠጥቶ ይቆያል። በዓይን የሚታየው ገጽ አልተለወጠም፤ ከበስተጀርባው ያለው ግን ሌላ አፈር ሆኗል። በዚህ ዓይነት ቦታ ከዝናብ መጠን ይልቅ የመስኖ ተራን ማወቅ ሕይወት ያድናል።

የቀደሙት ቆፋሪዎች ዕውቀት

ኢትዮጵያውያን ለቁፋሮ አዲስ አይደሉም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተገነቡ ሳይሆኑ የተቆፈሩ ናቸው። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ በአለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ አወጡ፤ ቀጥሎም መካከል የቀረውን ድንጋይ ቤተ መቅደስ አደረጉት። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ግድግዳዎቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆሙ የቻሉት አለት በመሆናቸው ብቻ አይደለም፤ ቆፋሪዎቹ ለዝናብ ውኃ መውረጃ የሚሆኑ ቦዮችንም አብረው ስላበጁ ነው። ይሁን እንጂ ውኃና ስንጥቅ በዚህ አለት ላይ እንኳ ጉዳት አድርሰዋል። አለትን የሚፈታ ውኃ በደለል ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ከጫኖ በስተ ደቡብ ደግሞ ኮንሶ አለ። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመታት በላይ ተራራውን በደረቅ ድንጋይ እርከን ደግፎ ኖሯል፤ አንዳንዱ የእርከን ግድግዳ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሥራ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጋሞ ደጋ ገበሬዎችም እንዲሁ ተዳፋቱን በእርከን ከፋፍለው ያርሳሉ። የእርከን ምሥጢር አጭር ነው፤ አንድን ረጅም ቁልቁለት ብዙ አጫጭር ደረጃዎች ማድረግና እያንዳንዱን ደረጃ የሚደግፈው ነገር መስጠት ነው። የዘመኑ መሐንዲስ የጥልቅ ቁፋሮን ጎን በደረጃ ሲያወርድ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከደጋ ወርዶ በጫኖ ሜዳ ቦይ የሚቆፍር የጋሞ ወጣት ስለ አፈር መናድ ምንም የማያውቅ ሰው አይደለም። አባቱ በእርከኑ ላይ ሲያደርገው ያየውን ጥንቃቄ በቦዩ ውስጥ ሊፈጽመው ያልቻለው፣ የቦዩን ስፋትና የሥራውን ጊዜ የሚወስነው እርሱ ስላልሆነ ነው። እርከን የሚሠራ ገበሬ በራሱ መሬት በራሱ ጊዜ ይሠራል። የቀን ሠራተኛ ግን በሌላ ሰው ንድፍ፣ በሌላ ሰው የጊዜ ሰሌዳ፣ ብዙ ጊዜም በሜትር ተቆርጦ በተሰጠው ዋጋ ይሠራል።

አፈር ለምን ይቆማል፣ ለምንስ ይወድቃል?

በአውሮፓ ስለ ቁፋሮ ድጋፍ በሰፊው ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1556 የታተመው የጆርጅዮስ አግሪኮላ የማዕድን መጽሐፍ ነው፤ የማዕድን ጉድጓድ በእንጨት እንዴት እንደሚደገፍ በሥዕል ጭምር ያሳያል። የአፈርን ግፊት በስሌት ለመግለጽ የተቻለው ግን ከሁለት ክፍለ ዘመናት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ወታደራዊ መሐንዲስ ሻርል ኦጉስቴን ኩሎምብ በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት ከግንብ በስተጀርባ ያለ አፈር እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ ለመንሸራተት እንደሚፈልግ አስረዳ። ሽብልቁን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የአፈር ቅንጣቶች እርስ በርስ መፋተግ፣ ሁለተኛውም መጣበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ደግሞ አሌክሳንድር ኮላን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በቦዮች ዳር የደረሱ የሸክላ አፈር መንሸራተቶችን አጥንቶ አሳተመ። ከዚህ ዓይነቱ ጥናት የተገኘው ትልቁ ትምህርት የሸክላ አፈር ጥንካሬ የማይለወጥ ነገር አለመሆኑ ነው፤ እርጥበቱ ሲጨምር ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ለዚህም ጊዜ ይወስዳል።

የአደጋው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቦይ በተቆፈረ ሰዓት ጎኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ምክንያቱም በአፈሩ ውስጥ ያለው ጥቂት እርጥበት ቅንጣቶቹን ለጊዜው አጣብቋቸዋል። ጎኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ይላላል፤ በሁለቱም መንገድ ማጣበቂያው ይጠፋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሁሉ አፈርም እያመነ የገባበትን ሰው ይወስዳል። «ትናንት ቆሞ ነበር» የሚለው ቃል በቦይ ሥራ ላይ የደኅንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ቦይ ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር የመናዱ ዕድል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከዚያም የክብደቱ ነገር አለ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይመዝናል፤ ይህም የአንዲት ትንሽ መኪና ክብደት ነው። አፈር እስከ ደረቱ የተጫነው ሰው ራሱ ከላይ ቢታይም መተንፈስ ይሳነዋል፤ አየር ባስወጣ ቁጥር አፈሩ ይጠጋበታልና ደረቱን መልሶ ሊያሰፋው አይችልም። አንጎል አየር ሳያገኝ ጉዳት ሳይደርስበት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ በአካፋ ሁለት ቶን አፈር አንሥቶ ሰው ማዳን እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ የቦይ አደጋ መድኃኒቱ ከአደጋው በፊት እንጂ በኋላ አይገኝም።

በሕግ ረገድ የተደረገው

በአገራችን የአሠሪው ግዴታ በሕግ መልክ ከተጻፈ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በሚናገርበት ክፍል የሠራተኛውን ሕይወትና ጤንነት የመጠበቅን ኃላፊነት በአሠሪው ላይ ጣለ። ከዚያም የሥራ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 64 በ1968፣ አዋጅ ቁጥር 42 በ1985፣ አዋጅ ቁጥር 377 በ1996፣ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ተከታትለው ወጡ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን ቁጥር 155 የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በጥር ወር 1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ግንባታ ሥራ ደኅንነት ባወጣው ቁጥር 167 ስምምነት ውስጥም ቁፋሮን ለይቶ የሚመለከት አንቀጽ አለ፤ የቁፋሮው ጎን እንዲደገፍ፣ አየር እንዲዘዋወር፣ ውኃ ቢገባ ሠራተኛው ማምለጫ እንዲኖረው ያዛል።

በዚህ የሕግ ሰንሰለት ውስጥ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። ቁጥር 155 ስምምነት፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ በዚህ የተነሣ ጉዳት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ገለል ማለት ሥራ መልቀቅ አይደለም፤ ከቦዩ ወጥቶ ዳር መቆም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆቻችን በበኩላቸው ሠራተኛው አደገኛ ሁኔታ ሲያይ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ግዴታ ያደርጉበታል፤ አሠሪው አደጋውን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደም ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዱለታል። ይህ መብት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የዕለት እንጀራውን በዕለት ሥራው ለሚያገኝ ሰው ውል የማቋረጥ መብት ከረኃብ ጋር የመጋፈጥ መብት ይሆንበታል። ስለዚህ በቦዩ ዳር የሚቆመው መሐንዲስ ወይም ፎርማን ለሠራተኛው ሊሰጠው የሚገባው፣ ሥራውን ሳያጣ ከቦዩ የመውጣት ነጻነትን ነው።

ሌሎች አገሮች የደነገጉትን ቁጥር ማየትም ይጠቅማል። በአሜሪካ የቁፋሮ ደንብ በ1971 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1989 ተሻሽሏል። በዚህ ደንብ መሠረት ሙሉ በሙሉ በጽኑ አለት ውስጥ ካልተቆፈረ በስተቀር፣ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ መደገፍ ወይም ጎኑ መጋደም አለበት፤ ከዚያ ያነሰውም ቢሆን የመናድ ምልክት እንደሌለው በሚያውቅ ሰው ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት። ተቆፍሮ የወጣው አፈር ከቦዩ አፋፍ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። 1.2 ሜትር በደረሰ ቦይ ውስጥ ሠራተኛው ከ7.5 ሜትር በላይ ሳይሄድ የሚያገኘው መሰላል መኖር አለበት። ሙያው ያለውና ሥራ የማስቆም ሥልጣን የተሰጠው ሰው ደግሞ ቦዩን በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እንዲሁም ከዝናብ በኋላ መመርመር አለበት። በጫኖ ለዚህ የመጨረሻው ቃል «ከመስኖ ተራ በኋላም» የሚል መጨመር ይገባል።

የመለኪያው ጉዳይ

ዕውቀቱም ሕጉም ካለ ችግሩ የት ላይ ነው? መልሱ በብዛት ዝርዝሩና በዋጋ ሰነዱ ውስጥ ይገኛል። ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቧንቧ ቦይ ጎኑ ቀጥ ብሎ ቢቆፈር ለአንድ ሜትር ርዝመት የሚወጣው አፈር 1.2 ሜትር ኩብ ነው። ሁለቱም ጎኖች ለእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት አንድ ሜትር እንዲጋደሙ ቢደረግ የሚወጣው አፈር 5.2 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አፈሩ አሸዋማ ሆኖ ተዳፋቱ ወደ አንድ ተኩል ከፍ ቢል ደግሞ 7.2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ክፍያው ግን በንድፉ ላይ በተጻፈው ጠባብ ስፋት ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ ጎኑን ያጋደመ ሥራ ተቋራጭ የሠራውን አብዛኛውን ሥራ ያለ ክፍያ ሠራ ማለት ነው። በጨረታ ላይም ድጋፍን በዋጋው ውስጥ ያሰበው ይሸነፋል፤ ያላሰበው ያሸንፋል። አደጋው ዶማ መሬት ሳይነካ በፊት በቢሮ ውስጥ ተጽፎ ያለቀ ይሆናል።

ጎኑን ለማጋደም ቦታ ወይም ገንዘብ ከሌለ ሌላው መንገድ ድጋፍ ነው። ለዚህም ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ መጠበቅ ግድ አይደለም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የጨንቻ ደጋ ሳይቀር በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። በሁለቱም ጎኖች ጣውላ ማቆም፣ በጣውላው ላይ አግዳሚ ማሰር፣ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ወፍራም አጣና ወጥሮ ማስገባት፣ የጥልቀቱና የአፈሩ ዓይነት በሚጠይቀው መሠረት መሐንዲሱ ካሰላው በኋላ በማንኛውም ቀበሌ ሊሠራ የሚችል ነው። ድጋፉ ከላይ ወደ ታች እየተደረገ ይገባል፤ ሲነሣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ቦዩ እየተሞላ መነሣት አለበት። እንጨቱ ተነቅሎ በሚቀጥለው ቦይ ያገለግላልና ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም።

የጎፋ ትምህርት

በመጨረሻም ሊነሣ የሚገባው የአዳኞች ጉዳይ ነው። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ከጋሞ ጋር በአንድ ዞን ይተዳደር በነበረው በጎፋ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ250 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው መንሸራተት የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ጎረቤቶችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በእጅና በአካፋ እየቆፈሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው።

የተራራ መንሸራተትና የቦይ መናድ በመጠን አይወዳደሩም፤ በባሕርይ ግን አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ናዳ ከኋላው ያለውን አፈር ድጋፍ ያሳጣዋል፤ ሁለተኛው ናዳ ስለዚህ ይከተላል። በቦይ ውስጥ ባልደረባው ሲቀበር ያየ ሠራተኛ ዘሎ ይገባል። ይህ ወገንን የመውደድ ምልክት ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ያልተደገፈው ግድግዳ አሁንም እዚያው ነው፤ አንድ ሟች ሁለትና ሦስት የሚሆንበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው የሚገባው ቃል እንግዲህ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሌሎቹን ሁሉ አውጣ፣ ሰውን ከአፋፉ አርቅ፣ ጎኑን ደግፍ፣ ከዚያ በኋላ ግባ። ድጋፉ አስቀድሞ በቦዩ ዳር ከተዘጋጀ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ካልተዘጋጀ ግን ለመደገፍ የሚያስፈልገው ጊዜ ለተቀበረው ሰው አይበቃም።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ብዙ ቃል አያሻውም። የላሊበላ ጠራቢ ውኃውን አስቀድሞ አወጣ፤ የኮንሶ ገበሬ ቁልቁለቱን ሳይደግፍ አላረሰም፤ ኩሎምብ ግፊቱን አሰላ፤ ሕግ አውጪውም ኃላፊውን ሰየመ። የቀረው ሥራ የመሐንዲሱና የሥራ ተቋራጩ ነው። የቦይ ድጋፍ በብዛት ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ረድፍና ራሱን የቻለ ዋጋ ይኑረው፤ ያለ ድጋፍ የተቆፈረ ጥልቅ ቦይ አይለካ፣ አይከፈልበት። ለእያንዳንዱ ቦይ በየጠዋቱ የሚመረምር፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስሙ ይሰየም። በጫኖ ሜዳ የሚቀጥለው የቧንቧ ቦይ ሲቆፈር እነዚህ ሁለት ነገሮች በውሉ ላይ ተጽፈው ከተገኙ፣ ቆፋሪው ጠዋት ዶማውን ይዞ እንደወረደ ማታ ዶማውን ይዞ ይወጣል።